የመጨረሻው 20 ደቂቃ፦ የአንድ የኳስ ቡድን ጥንካሬና ድክመት እንዴት ይመረመራል?

የእግር ኳስ ቡድን ጥንካሬና ድክመት የሚለየው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አይደለም። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሁሉም ጐበዝ ነው፤ ማልያው ንጹሕ፣ እግሩ ቀላል፣ ተመልካቹም ጯኺ ነው። የቡድን እውነተኛ መልክ የሚገለጸው ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ፣ ትንፋሽ ሲያጥርና አሳብ ሲበተን ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም፦ በአርሲ ደጋ የሚጫወት የተማሪ ቡድን የመጨረሻውን 20 ደቂቃ የራሱ ሊያደርግ የሚችለው በምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው በየሜዳው ዳር አንድ አባባል ስለሚሰማ ነው። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ የኃይሌና የደራርቱ አገር ሰዎች ነን፤ በትንፋሽ ማንም አይበልጠንም» ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ግማሽ እውነት ግን ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ቡድን ይጎዳል፤ ምክንያቱም ልምምድ ያስቀራል። እውነቱ የቱ ላይ እንደሚያበቃ በማስረጃ እንይ። (በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

፩. ደጋው የሚሰጠን

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ አይለወጥም፤ ነገር ግን አየሩ ስለ ሳሳ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጅን ያንሳል። ሰውነት ይህን ሲያይ ዝም አይልም፤ ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሕዋሶች ያበዛል። እዚህ ለሚኖር ሰው ይህ የዕለት ኑሮው ነው። ከቆላ ዛሬ መጥቶ ነገ ለሚጫወት እንግዳ ግን ዕዳ ነው።

ኳሷም ራሷ ጠባይዋን ትለውጣለች። በሳሳ አየር ውስጥ የሚገታት ነገር ስለሚያንስ ፈጥና ሩቅ ትሄዳለች፤ በጎን ተመትታ ስትሽከረከርም እንደ ቆላው አትታጠፍም። ስለዚህ አሰላ ላይ በትክክል ከአጥቂው እግር ሥር የምታርፍ ረጅም ኳስ፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን አዳማ ላይ ስንመታት ከመድረሻዋ ሳትደርስ ትቀራለች። የአዳማ ከፍታ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ነው።

ከፍታ ውጤትን ምን ያህል እንደሚለውጥ በቁጥር የመረመረ ሰው አለ። ፓትሪክ ማክሻሪ የተባለ የኦክስፎርድ ተመራማሪ የደቡብ አሜሪካ ብሔራዊ ቡድኖች ያደረጓቸውን 1,460 ጨዋታዎች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አውጥቷል። እንዳገኘው፣ በሁለቱ ቡድኖች አገር መካከል የከፍታ ልዩነት በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር የጎል ልዩነቱ በግማሽ ጎል ያህል ይጨምራል። ከፍታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ ባለሜዳው የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 54 ያህል ነው፤ ቦሊቪያ በከፍተኛው ሜዳዋ ብራዚልን ስትቀበል ግን ዕድሉ ከመቶ 82 በላይ ይደርሳል።

ይህን ስሌት ወደኛ ብናመጣው፣ በአሰላና በአዳማ መካከል ያለው 700 ሜትር ያህል ልዩነት በአንድ ጨዋታ ሲሶ ጎል ያህል ይሆናል። እንግዲህ ጭላሎ የሚረዳን፣ ቢረዳን፣ በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል ነው። የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ልምምድ ትቶ የሚተኛበትም አይደለም።

የቦሊቪያን ነገር ትንሽ እንግፋበት፤ ትምህርት አለውና። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1993 ቦሊቪያ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በላ ፓስ ብራዚልን 2 ለ 0 አሸነፈች። ብራዚል በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስትሸነፍ የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለቱም ጎሎች የገቡት በ88ኛውና በ89ኛው ደቂቃ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ያው የቦሊቪያ ቡድን ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ሬሲፌ ወርዶ 6 ለ 0 ተሸነፈ። ተራራ ከቡድን ጋር አውቶቡስ አይሳፈርም።

፪. ሁለት የጥር 13 ቀኖች

ከሩቅ አገር ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ታሪኳ ጥር 13 ቀንን ሁለት ጊዜ ተጫውታበታለች። በሁለቱ መካከል 51 ዓመት አለ።

የመጀመሪያው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር (ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) ለዋንጫ ተገናኘች። ግብፅ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች የወሰደች ናት። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመራች፤ ሁለቱንም ጊዜ ደረሰችባት። 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ አገቡና ጨዋታው 4 ለ 2 ሆነ፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ተቀበለ። አሁን ደቂቃዎቹን እንቍጠር፤ የኢትዮጵያ ጎሎች የገቡት በ74ኛው፣ በ84ኛው፣ በ101ኛውና በ117ኛው ደቂቃ ነው። ከአራቱ አንዱም እንኳ ከ70ኛው ደቂቃ በፊት የገባ አይደለም።

ሁለተኛው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። የኛ በረኛ በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቡድኑ ግን በ10 ሰው ተጫውቶ፣ አዳነ ግርማ በሁለተኛው አጋማሽ ባገባው ጎል 1 ለ 1 ወጣ። ይህ ጥንካሬ ነው፤ በወርቅ ቀለም ሊጻፍ ይገባዋል።

ከአራት ቀን በኋላ ከቡርኪና ፋሶ ጋር የተደረገው ጨዋታ ግን ሌላ መልክ ነበረው። ቡርኪና 1 ለ 0 እየመራች ሳለ በረኛዋ በቀይ ካርድ ወጣ። እንግዲህ እኛ 11፣ እነሱ 10 ነን። ውጤቱ ምን ሆነ? ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ሦስት ጎሎች ገቡብንና 4 ለ 0 ተሸነፍን። ጥር 21 ቀን ደግሞ ከናይጄሪያ ጋር እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ 0 ለ 0 ቆይተን፣ በመጨረሻው 10 ደቂቃ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ በዚያም ጨዋታ ሁለተኛ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ።

ሒሳቡን እንዝጋ። በሦስት ጨዋታ 7 ጎል ገባብን፤ ከ7ቱ 5ቱ የገቡት ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። በ1954 ዓ.ም. የኛ የነበረው ሰዓት በ2005 ዓ.ም. የባላጋራ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ «አዎን፤ የመጀመሪያው አዲስ አበባ በከፍታ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው በሰው አገር ነው፤ ልዩነቱ ያው የተራራው ነው» ሊል ይችላል። መልካም መቃወሚያ ነው። መልሱም ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ተሰጥቷል። በዚያ ቀን ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወደ አዲስ አበባ መጣች። ኢትዮጵያ በሁለተኛው አጋማሽ 1 ለ 0 መራች። ከዚያ አንድ ገባባት፤ በ90ኛው ደቂቃ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠባትና 2 ለ 1 ተሸነፈች። ሜዳው የኛ፣ አየሩ የኛ፣ ከፍታውም 2,350 ሜትር ያህል ነበር። የመጨረሻው ደቂቃ ግን የኛ አልነበረም።

፫. ድክመቱ ከየት መጣ?

የነዚህን ጨዋታዎች ድክመት ጠቅልለን «ደከሙ» ብንል ምንም አልተማርንም። ነገሩን በሦስት እንከፍለዋለን።

ሀ) አንደኛው የአሰላለፍ ነው። ከቡርኪና ጋር ሲጫወት ቡድኑ ጎል ፍለጋ ወደ ፊት ወጣ፤ ኋላው ተከፈተ። ባላጋራ አንድ ሰው ሲጎድልበት ሰብሰብ ብሎ ይከላከላል፤ ፈጣን አጥቂ ካለውም በመልሶ ማጥቃት ይገድላል። ባላጋራ በቍጥር ማነሱ በራሱ ድል አይደለም፤ ይልቁንም ትዕግሥት የሚፈተንበት ሰዓት ነው።

ለ) ሁለተኛው የሥርዐት ነው። በሦስት ጨዋታ ሁለት በረኛ በቀይ ካርድ ማጣት፣ በመጨረሻው ደቂቃም በየጊዜው ፍጹም ቅጣት ምት መስጠት የክፉ ዕድል ብቻ አይደለም። የደከመ እግር ዘግይቶ ይደርሳል፤ ዘግይቶ የደረሰ እግር ደግሞ በኳስ ፈንታ ሰው ይመታል። ጥፋት ብዙ ጊዜ የድካም ልጅ ነው።

ሐ) ሦስተኛው የመዝገብ ነው። ይህን ሰው ይንቀዋል። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር። ነገር ግን በቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ ስለ ተገኘ፣ ፊፋ ጨዋታውን 3 ለ 0 እንደ ተሸነፈ ቈጠረበት። 11 ሰዎች 90 ደቂቃ ሮጠው ያገኙትን ነጥብ አንድ ያልተያዘ ማስታወሻ ወሰደው። ቡድኑ ከዚያ በኋላ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት መጨረሱ ደግሞ የጥንካሬው ምስክር ነው።

ሚዛናችን እንዳያጋድል ሌላም ጥንካሬ እንጥቀስ። ለአፍሪካ ዋንጫው ለማለፍ በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ ቡድኑ ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸንፎ ነበር። ተሸንፎም ሦስት ጎል ይዞ ተመለሰ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና በሰው ሜዳ ባገባቸው ጎሎች አለፈ። በሽንፈት ቀን የተገባ ጎል ከንቱ አይደለም፤ 4 ለ 1 ወይም 5 ለ 1 ስንመራ «አለቀ» ብለን እጃችንን የምንሰጥ ተማሪዎች ይህን ልብ ልንል ይገባናል።

፬. ሯጮቻችን በእርግጥ የሚያስተምሩን

አሁን ወደ አርሲ ሯጮች እንመጣለን። የመጨረሻውን ዙር የራሱ በማድረግ እንደ እነሱ የታወቀ የለም። የበቆጂዋ ልጅ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ኤላና ሜየርን ጥላ የወጣችው በመጨረሻው ዙር ነው። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ ሲሆን፣ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 0.09 ሴኮንድ ብቻ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ደግሞ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ፣ ሁለቱም የበቆጂ ልጆች፣ በወንዶችና በሴቶች የ5,000 እና የ10,000 ሜትር አራቱንም ወርቅ ወሰዱ።

ኃይሌ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ 10 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህ ሳምባ ይሰጣል። ነገር ግን በዚሁ ደጋ ሩቅ መንገድ ሮጦ የተማረ ሌላ ስንት ልጅ አለ! ሲድኒ ላይ 0.09 ሴኮንዷን ያመጣው መንገዱ ብቻ አይደለም፤ ከደከሙ በኋላ መፍጠንን በየቀኑ መለማመድ ነው። በቆጂ ላይ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የብዙዎቹን መጀመሪያ ሲያሠለጥን፣ እዚሁ አሰላም በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ሲሠራ፣ ተራራው ስላነሰ አይደለም። ተራራው ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

ኳስ ተጫዋችስ? አንድ የመሐል ተጫዋች በ90 ደቂቃ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ኃይሌ ያንኑ ርቀት በ27 ደቂቃ ሮጦታል። ስለዚህ ኳስ ተጫዋችን የሚያደክመው ርቀቱ አይደለም። የሚያደክመው መነሣትና መቆም፣ መዞርና መዝለል፣ 20 ሜትር ተስፈንጥሮ ወዲያው ደግሞ መመለስ ነው። በዝግታ አንድ ሰዓት ሮጦ የሚመለስ ቡድን ለዝግታ ሩጫ ተዘጋጀ እንጂ ለኳስ አልተዘጋጀም።

፭. የሥራ አሳብ

ከዚህ ሁሉ ለተማሪ ቡድን የሚጠቅም ምን ይወጣል? ገንዘብ የማይጠይቁ አምስት ነገሮችን እናቀርባለን።

1ኛ. አንድ ደብተር። የማይሰለፍ አንድ ተማሪ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ የሚከተለውን ይጻፍ፦ ጎል የገባበትንና የገባብንን ደቂቃ፣ የጥፋቱን ደቂቃና ቦታ፣ የካርዱን ባለቤት፣ የተቀያሪውን ደቂቃ፣ ሜዳው የኛ ወይም የሰው መሆኑን። ከስድስት ጨዋታ በኋላ ደብተሩ ከማንኛውም ክርክር ይበልጥ ይናገራል። የገቡብን ጎሎች በመጨረሻው 20 ደቂቃ የበዙ ከሆነ ድክመታችን የበረኛው አይደለም፤ በመጀመሪያው 20 ደቂቃ የበዙ ከሆነ ደግሞ ሰውነት ሳናሟሙቅ ገብተናል ማለት ነው።

2ኛ. በድካም ላይ የሚደረግ ልምምድ። የልምምዱ ማለቂያ ላይ፣ ሁሉም ሲደክም፣ የ20 ሜትር ፈጣን ሩጫ ስድስት ጊዜ፣ በየመካከሉ አጭር ዕረፍት እየተሰጠ ይደረግ። ከዚያ በኋላ ወዲያው በኳስ የመከላከል ልምምድ ይቀጥል። የደከመ እግር በሰዓቱ መድረስን መማር ያለበት በልምምድ እንጂ በውድድር ቀን አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለም?

3ኛ. ተቀያሪ። ተቀያሪ ተጫዋች የተጎዳን ሰው የሚተካ ጥገና ብቻ አይደለም። በ65ኛው ደቂቃ የሚገባ ትኩስ እግር የመጨረሻው 20 ደቂቃ መሣሪያ ነው። ስለዚህ በወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ከቋሚዎቹ እኩል ይለማመዱ። ወንበሩን የናቀ ቡድን መጨረሻውን ንቆታል።

4ኛ. ወደ ቆላ ስንወርድ። ሙቀትን ሰውነት የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንወርደው በጨዋታው ዕለት ነው። ይህን መለወጥ ካልቻልን የምንችለውን እናድርግ፦ ውኃ አስቀድመን እንጠጣ፤ ማለዳ እንድረስ፤ ሰውነት ስናሟሙቅ ረጃጅም ኳሶችን ደጋግመን በመምታት ኳሷ የት እንደምታርፍ እግራችን ይወቅ፤ የመጀመሪያውንም ሩብ ሰዓት በአጭር ቅብብል እንጫወት።

5ኛ. አንደበት። በ80ኛው ደቂቃ ከዳኛ ጋር የሚከራከር ተጫዋች ትንፋሹንም አሳቡንም ያባክናል። የሚናገረው አምበሉ ብቻ ይሁን።

የዚህ ሁሉ ነገር መጨረሻው ዋንጫ ብቻ አይደለም። ከ11ዱ ልጆች ብዙዎቹ ከዓመት በኋላ ሐኪም፣ የእርሻ ባለሙያ፣ መምህር ሆነው በየወረዳው ይበተናሉ። ሥራም እንደ ኳስ ነው፤ ሁሉም በመስከረም ጐበዝ ነው፤ የሚፈተነው በሰኔ ነው። «የደጋ ልጅ ነኝ» ብሎ ልምምድ የሚተው ተጫዋች ነገ «የተማርሁ ነኝ» ብሎ ንባብ የሚተው ሐኪም እንዳይሆን ያሰጋል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ በሚመጣው ጨዋታ ሜዳ ዳር ስትቆሙ ከመጀመሪያው ጎል ይልቅ የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ተመልከቱ። ማን ዘግይቶ እንደ ደረሰ፣ ማን ባልንጀራውን እንደ ጠራ፣ ማን በእጁ ጕልበቱን ይዞ እንደ ቆመ ጻፉ። የጻፋችሁትንም ሰኞ ለአሠልጣኙ ስጡት።